ስለ ሞተር ብስክሌት ማንሻና ማቆሚያ አመራረጥ

ሞተር ብስክሌትን ለንግድ ሥራ ያዋለ ሰው፣ ዕቃ አድራሽም ቢሆን የጥገና ቤት ባለቤትም ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ማንሻ መግዛቱ አይቀርም። ያን ጊዜም ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳየው በዕቃው ላይ የተጻፈውን የኪሎ ግራም ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዕቃው የተሻለ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በአገራችን መንገድ የሚበዛው እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለው ሞተር ብስክሌት ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ሸክም የማይችል ማንሻ በገበያ ላይ ጥቂት ነው። አደጋ የሚመጣው በአብዛኛው ብረቱ ሸክሙን ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን ሞተር ብስክሌቱ ከማንሻው ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ይችላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የቱ ላይ ይይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ይገባዋል።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሱቅ አይደለም፤ ገዢው ተንበርክኮ የገዛ ሞተር ብስክሌቱን ሆድ በመመልከት ነው። በአንዳንዶቹ ከሞተሩ ሥር ሁለት የሻንሲ ብረቶች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ እንዲህ ላለው ሰፊ ራስ ያለውና በቡሎን እየተሽከረከረ ከፍ የሚል ክሪክ ይስማማዋል። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች ግን ከሥር የሚያልፍ ብረት የለም፤ ዝቅ ብሎ የሚታየው የአሉሚኒየም የሞተር ሽፋን፣ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎንና የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። በእነዚህ ላይ ክሪክ የሚያስደግፍ ሰው አንድ ቀን ሽፋኑን ይሰነጥቃል፤ የሚያወጣውም ገንዘብ ከማንሻው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ላለው ሰው የመጀመሪያው ማንሻ ፋብሪካው ራሱ የገጠመለት ባለሁለት እግር የመሐል ማቆሚያ ነው። ሞላው የላላ፣ ፔርኖውም የተበላ እንደሆነ እርሱን ማሳደስ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል። ይህ ምክር ለሻጭ የሚጥም ባይሆንም እውነት ነው።

የመሐል ማቆሚያ ለሌለው የኋላ ማንሻ ይበጀዋል። ይህ ዐይነቱ የኋላውን ጎማ የያዘውን ሹካ ከግራና ከቀኝ ተቀብሎ፣ እጀታው ወደ መሬት ሲጫን ጎማውን ያነሣዋል፤ ካቴና ለማጥበቅና ጎማ ለማውጣት ይበቃል። ሹካው ላይ በተገጠሙ ትናንሽ እንክብሎች የሚይዘው በላስቲክ ብቻ ከሚደግፈው ይልቅ አይንሸራተትም። የፊቱ ማንሻም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የፊቱን ሹካ ከሥር ስለሚደግፍ፣ ሹካው ራሱ የሚፈታ ሲሆን አያገለግልም። ሁለተኛው ከመሪው አንገት ሥር ባለው ቀዳዳ ስለሚገባ ሹካውን ነጻ ይተወዋል። ማናቸውም ቢሆን የፊቱ ከመነሣቱ በፊት የኋላው መነሣት አለበት።

በየቀኑ ብዙ ሞተር ብስክሌት ለሚቀበል የጥገና ቤት ግን መካኒኩን ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ከመዋል የሚያድነው የጠረጴዛ ማንሻ ነው። ከ360 እስከ 450 ኪሎ ግራም የሚችሉና ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚሉ በብዛት ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ገዢው ጊዜ ወስዶ ሊመረምረው የሚገባው የብረት መቆለፊያውን ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይት ያሾልካል፣ ቀስ በቀስም ዝቅ ይላል፤ ድንገት የለቀቀ እንደሆነ ደግሞ ከሥሩ የገባውን እጅ ወይም እግር አይምርም። ከዘይቱ ሌላ ሸክሙን በራሱ የሚይዝ የብረት ካስማ የሌለውን ዕቃ በርካሽ ቢያገኙትም መተው ይሻላል። ሻጩ የሚፈቅድ ቢሆን፣ አራት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለት ሁለት ኩንታል፣ መሐል ላይ ጭኖ ያለ ካስማ ማሳደርና ከፍታውን ማታና ጠዋት በሜትር መለካት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ወደ ሥሩ አይቅረብ።

የኋላ ማንሻን ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራና በየከተማው ያሉ ብረት ሠሪዎች ከቱቦላሬ ሊበይዱት ይችላሉ። አሠሪው ግን የሹካውን ስፋትና ከመሬት ያለውን ከፍታ በትክክል ለክቶ መስጠት አለበት፤ እግሩም ሰፊ እንዲሆን ይዘዝ፤ መፍቻ በኃይል ሲሳብ ጠባብ እግር ይገለበጣልና። ብየዳው ዙሪያውን የተያያዘ መሆኑን ሳያይ ሒሳብ አይክፈል።

በሥራ ጊዜም የጠበቀ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ ሳለ ነው እንጂ ከተነሣ በኋላ አይደለም። ጎማ ወይም ሞተር ሲወጣ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ስለሚያጋድል፣ አስቀድሞ በጠንካራ ገመድ ግራና ቀኝ መወጠር ያስፈልጋል። ወለሉ አፈር ከሆነ ከማንሻው ሥር ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ።

ክረምቱን ሥራ ፈትቶ ለሚከርም ሞተር ብስክሌት የሚፈለገው ሁለቱንም ጎማዎች ከመሬት የሚያርቅ ማቆሚያ ነው፤ ጎማ በአንድ ቦታ ለወራት ሸክም ሲሸከም ይደፈጠጣልና። በዘይት ክሪክ ላይ ማክረም አይገባም። ሁለት ማንሻ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ጎማዎቹን ፋብሪካው በፈቀደው መጠን ሞልቶ፣ ሞተር ብስክሌቱን በሳንቃ ላይ አቁሞ፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ገፋ እያደረገ የሚያርፉበትን ስፍራ ቢለውጥላቸው ይበቃል። ማንሻው ራሱም ከዝናብ ተጠልሎ፣ መጋጠሚያዎቹ ግራሶ ተቀብተው ይቀመጥ።