ስለ ኖራና ስለ ጅማ ቀይ አፈር

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ የምትኖሩ ገበሬዎች ሆይ፤ ማዳበሪያ ገዝታችሁ በበቆሎና በባቄላ ማሳችሁ ላይ ከጨመራችሁ በኋላ ሰብሉ ቀጭጮ ቢቀር፣ ጥፋቱን በዘሩ ወይም በዝናቡ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ካልሲየም ሆኖ ይገኛል።

ካልሲየም ከብረታ ብረት ወገን ነው። ነገር ግን ከአየርና ከውሃ ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም። ከካርቦንና ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ ከድኝና ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ ይሆናል። በአገራችን የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ፣ በሙገርና በድሬዳዋ በብዛት አለ። የጅማ መሬት ግን በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ብርቱው ዝናብም የነበረውን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ወስዶታል። አፈሩ ሲኮመጥጥ፣ ይኸውም በመለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ በማዳበሪያ የመጣውንም ፎስፈረስ አስሮ ይይዛል። ገንዘባችሁ መሬት ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኖራ ይህን ኮምጣጣነት ያበርዳል። ሆኖም ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኖራ አይደለም። ከዱቄቱ ጥቂት ወስዳችሁ ሎሚ ጨምቁበት፤ አረፋ ቢያወጣ ከኖራ ድንጋይ ወገን ነው። የጄሶ ድንጋይ አረፋ አያወጣም፤ አፈሩንም ከኮምጣጣነት አያድነውም። የካልሲየም ዘመድ የሆነው ባሪየም የሚገኝበት ባራይት የተባለው ድንጋይም ነጭ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በሎሚ አይፈላም፣ ሲያነሡት ግን ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ለማሳ አይረባም። ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ደግሞ እጅንና ዓይንን ስለሚያቃጥል፣ ለእርሻ ሳይቃጠል የተፈጨው ይሻላል።

በቡናችሁ ላይ በወሬ ብቻ ኖራ አትነስንሱ። ቡና መጠነኛ ኮምጣጣ አፈር ይስማማዋል፤ ኖራ ሲበዛበት ቅጠሉ ይገረጣል።

የልማት ሠራተኞችም ናሙና ስትወስዱ ከአንዱ ማሳ ከ15 ያህል ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አቀላቅሉ፤ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። አመድ ከተደፋበት ወይም ከብት ካደረበት ቦታ አትውሰዱ። (አመድ ራሱ ኮምጣጣነትን ይቀንሳል፤ የጓሮ አትክልት የሚያለሙ እናቶች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል።) መጠኑን የአፈር ላቦራቶሪው ይወስናል። ኖራውንም ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት በትኖ በማረሻ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ያስፈልጋል።