የቀሪ ርቀት ግምት በዓባይ በረሃ፦ የዳሽቦርዱ ቁጥር ለምን ይዋዥቃል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ አሽከርካሪ ጎሃ ጽዮንን እንዳለፈ የዓባይ በረሃ ይቀበለዋል። መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ በግምት 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶም እስከ ደጀን የዚያኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጉዞ፣ በቀረው ነዳጅ ሊኬድ የሚችለውን ርቀት የሚያሳየው ቁጥር ቁልቁለቱ ላይ ይጨምራል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ከተጓዘው ርቀት በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ይህን የጌጅ ብልሽት አድርጎ የሚወስድ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሠራው እንደ ተሠራለት ነው፤ ስሕተቱ የሚመነጨው ትንበያን እንደ ልኬት ከመቁጠር ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው በታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ለአንድ ኪሎ ሜትር በሚያስፈልገው ነዳጅ በማካፈል ነው። ተካፋዩ በተንሳፋፊ የሚለካ በመሆኑ መኪናው ባጋደለ ቁጥር መጠነኛ መዛባት ያጋጥመዋል። ዋናው ችግር ያለው ግን አካፋዩ ላይ ነው። ሊታወቅ የሚገባው የሚመጣው መንገድ ፍጆታ ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ ያለው መረጃ ያለፈው መንገድ ፍጆታ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንጀክተሮቹ የረጩትን ነዳጅ ከተጓዘው ርቀት ጋር እያነጻጸረ የቅርቡን አማካይ ይወስዳል። አማካዩ የሚወሰድበት ርቀት እንደ አምራቹ ይለያያል።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ፣ አማካዩንም ካለፈው 50 ኪሎ ሜትር የሚያሰላ መኪና ይታሰብ። ይህን ክብደት 1,400 ሜትር ከፍ ለማድረግ 20.6 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ገደማ ቢይዝም ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው ቢባል፣ ዳገቱ ከተለመደው ፍጆታ በላይ 2.6 ሊትር ይጠይቃል። በቁልቁለቱ ግን መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ኢንጀክተሮቹ ስለሚዘጉ፣ ለ20 ኪሎ ሜትር 0.2 ሊትር ይበቃል እንበል።

ጎሃ ጽዮን ላይ 15 ሊትር ያለው ይህ መኪና 187 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ 285 ይሆናል፤ ደጀን ሲደርስ ወደ 102 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ባለው ሜዳ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚቀንሰው 20 ያህል ብቻ ነው፤ ዳገቱ ከአማካዩ እየወጣ ይሄዳልና። ማደያም ይህን ታሪክ አይሰርዘውም፤ 50 ሊትር የሚይዘው ታንክ ጎሃ ጽዮን ላይ ቢሞላ 625፣ ደጀን ላይ ቢሞላ 481 ኪሎ ሜትር ይነበባል።

አደጋው ነዳጁ ሲያንስ ይጎላል። ያው መኪና ጎሃ ጽዮንን በ4 ሊትር ቢለቅ 50 ኪሎ ሜትር ያነባል፤ ደጀን ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ድልድዩ ላይ ቁጥሩ ወደ 73 ያድጋል፤ የቀረውም 20 ኪሎ ሜትር ነው። አሽከርካሪው ልቡ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በታንኩ ያለው 3.8 ሊትር ሲሆን ዳገቱ የሚጠይቀው 4.2 ሊትር ስለሆነ መኪናው ደጀን ሳይደርስ ይቆማል። ቁጥሩ አሽከርካሪውን ይበልጥ የሚያሳስተው እጅግ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

አማካዩን ከረጅም ርቀት መውሰድ መዋዠቁን ያረግበዋል፤ ዳገቱን አስቀድሞ ማየት ግን አያስችልም። ይህን የሚያስችለው የመንገዱን ከፍታ ከካርታ ወስዶ ወደ ስሌቱ ማስገባት ሲሆን፣ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተግባራዊ ሆኗል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው ወደ ባትሪ እየዞረ ነው። እዚያ ስሌቱ በከፊል ይለወጣል፤ ሞተሩ በቁልቁለቱ ላይ ኃይል መልሶ ያጠራቅማል። ጎሃ ጽዮን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ለሚወርድ ግን የሚመለሰው ኃይል ማደሪያ ስለማያገኝ፣ አብዛኛው በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።