አየር ሲታመቅ የሚፈጠረው ሙቀት የት ይሂድ?
የከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰርን የማቀዝቀዝ ፊዚክስ

መግቢያ

የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። ብዙዎች ይህን ሙቀት ከሰበቃ የመጣ አድርገው ይገምታሉ። ሰበቃ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አየር ራሱ ሲታመቅ ይግላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ የሞከረው ሞተር ያለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በዚሁ ሙቀት ነው። ለዲዝል ሞተር ጸጋ የሆነው ሙቀት ለአየር ኮምፕሬሰር ግን ጠላት ነው።

በጎሚስታ ቤት የምናየው ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ አየርን ወደ 8 ወይም 10 ባር ያምቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ የስፖርት አየር ጠመንጃና የጠላቂ ዋናተኞች የአየር ሲሊንደር ለመሙላት በቤት ውስጥ የሚሠራባቸው ትናንሽ ኮምፕሬሰሮች አሉ። እነዚህ እስከ 300 ባር ይደርሳሉ። በብዛት ሁለት እርከን ያላቸው ሲሆኑ፣ ማቀዝቀዣቸውም በባልዲ ውስጥ የተነከረች ትንሽ የውሃ ፓምፕ ናት። የማሽኑ ባለቤት ማሽኑ ሲግልበት በቅድሚያ የሚያስበው በባልዲው ውስጥ በረዶ መጨመርን ነው። ይህ መፍትሔ የሚጠቅመው ጥቂት እንደሆነ፣ የተሻለው መፍትሔም የት እንደሚገኝ በዚህ ጽሑፍ በስሌት እንመለከታለን።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው?

ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ በአየሩ ላይ ሥራ ይሠራል። ሙቀት ለመውጣት ጊዜ ካላገኘ ይህ ሥራ የአየሩን ውስጣዊ ኢነርጂ ይጨምራል፤ መጠነ ሙቀቱም ያድጋል። አዲያባቲክ በሚባለው በዚህ ሂደት የመጨረሻውን መጠነ ሙቀት ለማግኘት የግፊቶቹን ውድር በ0.286 ርቢ ከፍ አድርገን በመነሻው መጠነ ሙቀት እናባዛለን። መጠነ ሙቀቱ በኬልቪን፣ ግፊቱም ከባዶ ጀምሮ የሚለካው ፍጹም ግፊት መሆን አለበት።

በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ማለትም በ293 ኬልቪን ላይ ያለ አየር ከ1 ባር ወደ 300 ባር በአንድ ጊዜ ቢታመቅ፣ 300 በ0.286 ርቢ 5.1 ገደማ ስለሆነ የመጨረሻው መጠነ ሙቀት 1495 ኬልቪን ይሆናል። ይህም ከ1200 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ነው። መዳብ በ1085 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ስናስታውስ፣ 300 ባርን በአንድ እርከን ማግኘት ለምን እንደማይሞከር ይገባናል።

በእርከን የማመቅ ጥበብ

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። አየሩ በመጀመሪያው እርከን በከፊል ይታመቃል፤ በመካከለኛው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባል። በእርከኖቹ መካከል አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ይመለሳል ብለን ብናስብ፣ አንድ ኪሎግራም አየር ወደ 300 ባር ለማድረስ የሚከተለው ውጤት ይገኛል።

በ1 እርከን፦ 1222 ዲግሪ ሴልሲየስ፤ ሥራ 1208 ኪሎጁል
በ2 እርከን፦ በእያንዳንዱ እርከን መጨረሻ 389 ዲግሪ፤ ሥራ 741 ኪሎጁል
በ3 እርከን፦ በእያንዳንዱ እርከን መጨረሻ 231 ዲግሪ፤ ሥራ 637 ኪሎጁል
መጠነ ሙቀቱ ጨርሶ ሳይለወጥ፦ 20 ዲግሪ፤ ሥራ 480 ኪሎጁል

የመጨረሻው መስመር አይሶተርማል የሚባለው ወሰን ሲሆን ማንም ማሽን ሊደርስበት አይችልም። ሆኖም አቅጣጫውን ያሳየናል። ጥሩ ማቀዝቀዣ ማሽኑን ከጉዳት ከመጠበቁም በላይ የሞተሩን ሥራ ይቀንሳል።

እነዚህ ቁጥሮች የላይኛው ወሰን መሆናቸውን እናስተውል። በእውነተኛው ማሽን ውስጥ የሲሊንደሩ ግድግዳ በማመቁ ሂደት ላይ የተወሰነ ሙቀት ስለሚወስድ የአየሩ መጠነ ሙቀት ከዚህ ዝቅ ይላል።

ማቀዝቀዣው የት ቢጠናከር ይሻላል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በሁለት እርከን ማሽን የእያንዳንዱ እርከን የግፊት ውድር 17.3 ገደማ ነው፤ ይህም በ0.286 ርቢ 2.26 ይሆናል። በመሆኑም ግፊቱ ሳይለወጥ፣ ወደ ሁለተኛው እርከን የሚገባው አየር በ1 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚወጣው አየር በ2.26 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አየሩ በ20 ዲግሪ ፈንታ በ70 ዲግሪ ቢገባ፣ በስሌታችን መሠረት መውጫው ከ389 ወደ 502 ዲግሪ ያሻቅባል። የ50 ዲግሪ ቸልተኝነት የ113 ዲግሪ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማቀዝቀዣን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን ቧንቧ ነው። በብዙ ትናንሽ ማሽኖች ግን ውሃው የሚዞረው በሁለተኛው ሲሊንደር ራስ ዙሪያ ሲሆን፣ መካከለኛው ቧንቧ ለክፍሉ አየር ብቻ የተተወ ነው። የረጋ አየር ሙቀት የመውሰድ ችሎታው በሜትር ካሬ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከ5 እስከ 10 ዋት ገደማ ነው። ማራገቢያ ሲጨመርበት ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ የሚፈስ ውሃ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ስለሆነም በቧንቧው ላይ ማራገቢያ ማነጣጠር ወይም ቀዝቃዛው ውሃ መጀመሪያ በቧንቧው ዙሪያ፣ ቀጥሎ በሲሊንደሩ ራስ እንዲያልፍ ማድረግ ከሁሉ የላቀ ጥቅም ይሰጣል።

በረዶ ለምን ብዙ አይጠቅምም?

የሚተላለፈው ሙቀት ከመጠነ ሙቀት ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር 300 ዲግሪ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 280 ነው። ውሃውን በበረዶ ወደ 0 ዲግሪ ብናወርደው ልዩነቱ 300 ይሆናል። ጭማሪው 7 ከመቶ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ በረዶ ቶሎ ያልቃል። አንድ ኪሎግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። ለውሃው 1.5 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ማሽን ይህን ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። አንድ ኪሎግራም ውሃ ሲተን ግን ወደ 2400 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ይህም የበረዶው 7 እጥፍ ነው። እናቶቻችን ውሃን በሸክላ እንስራ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ሕግ ነው። የሞቀው ውሃ ወደ ባልዲው ሲመለስ በማራገቢያ ፊት እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ቢደረግ ይኸው ጥቅም ይገኛል።

የውሃው መጠንና ፍሰት

ያንኑ የ1.5 ኪሎዋት ማሽን እንውሰድ። በ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ በየደቂቃው 2.1 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በ20 ዲግሪ የጀመረ ውሃ፣ ወደ ክፍሉ የሚያመልጠውን ሙቀት ካልቆጠርን፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 63 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው 20 ሊትር ቢሆን ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ለበለጠ ጊዜ መሥራት ካስፈለገ ውሃውን ባለ ማራገቢያ በሆነ አሮጌ የመኪና ራዲያተር ውስጥ ማዞር ይሻላል፤ ባልዲ ሙቀቱን ሲያጠራቅም ራዲያተር ግን ያስወጣዋል።

ውሃው በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ብንፈልግ በደቂቃ 4.3 ሊትር ፍሰት ይበቃናል። ከዚህ የሚበልጥ ፓምፕ የሚያስገኘው ተጨማሪ ጥቅም ጥቂት ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት በውሃው መንገድ ላይ ከተጋገረ ግን ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ የፓምፑን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። የተጣራ ውሃ መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ማቀዝቀዝ የሚያስከትለው ጤዛ

አየር ውስጥ ሁልጊዜ የውሃ ተን አለ። በ20 ዲግሪ፣ 50 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 17.3 ባር ሲታመቅ የተኑ ግፊትም በዚያው ልክ ያድጋል፤ በመሆኑም አየሩ ከ60 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃነት መለወጥ ይጀምራል። ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ገደማ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ከገባ ዘይቱን ያበላሻል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ስለዚህ መካከለኛውን ቧንቧ አሻሽሎ የሚያቀዘቅዝ ሰው ከቧንቧው ቀጥሎ የውሃ መለያ መኖሩን ማረጋገጥና በሥራ መካከል ደጋግሞ ማፍሰስ ይኖርበታል።

ከሕይወት ጋር የተያያዘ ጥንቃቄ

ከመጠን በላይ የጋለ ዘይት ይበሰብሳል፤ በቫልቮች ላይ ከሰል ይጋግራል፤ በታመቀ አየር ውስጥም ሊቀጣጠል ይችላል። በዚህ ጊዜ ከሚፈጠሩት ጋዞች አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ሽታ የሌለው ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ጠላቂ ዋናተኛ በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ በ4 ባር ግፊት ስለሚተነፍስ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጥቂት መርዝ በየብስ ላይ ካለው አራት እጥፍ ግፊት ይኖረዋል። ስለዚህ ለመተንፈሻ የሚሆን አየር ተገቢው ማጣሪያና ምርመራ ከሌለው ማሽን ፈጽሞ መሞላት የለበትም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ግፊቱን ይመለከታል። 300 ባር በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የ300 ኪሎግራም ክብደት ያህል ይጫናል። በ10 ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ያለ ይህን መሰል አየር በድንገት ቢለቀቅ ከ500 ኪሎጁል በላይ ሥራ ይሠራል፤ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ከ50 ሜትር በላይ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ስለሆነም ማሻሻያው ሁሉ ከውጭ፣ በውሃውና በማራገቢያው ላይ ብቻ ይደረግ። ግፊት የተሸከሙ ቧንቧዎችን መቁረጥ፣ መበየድ ወይም በሌላ መተካት አይገባም።

በከፍታ ስፍራ ሲሆንስ?

አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ የከባቢ አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ 300 ባር ለመድረስ አጠቃላዩ ውድር 390 ይሆናል፤ በሁለት እርከን ሲሰላም መውጫው ከ389 ወደ 414 ዲግሪ ከፍ ይላል። የማራገቢያው አየርም በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ደግሞ ሲሊንደር ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ለባሕር ጠለል ተብሎ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ለደጋ አገር ሳይታረም አይሠራም።

ማጠቃለያ

ጥሩ ማቀዝቀዣ ማለት እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ ማለት አይደለም። ሙቀቱን በትክክለኛው ቦታ፣ ይኸውም በእርከኖች መካከል፣ ያለማቋረጥ የሚያስወጣ ማለት ነው። ይህ መርህ ከቤት ኮምፕሬሰር እስከ ትላልቅ የጋዝ ፋብሪካዎች ድረስ ያው ነው።

መልመጃ

1. ከ1 ባር ወደ 300 ባር በአራት እኩል እርከኖች ቢታመቅ የእያንዳንዱ እርከን ውድርና የመውጫው መጠነ ሙቀት ስንት ይሆናል?
2. 1.5 ኪሎዋት ሙቀት የሚቀበል 20 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?
3. በ60 ዲግሪ ላይ 300 ባር የሞላ ሲሊንደር ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ 1) 4.16 እና 167 ዲግሪ ሴልሲየስ፤ 2) 28 ደቂቃ ገደማ፤ 3) 264 ባር ገደማ።