የኤሌክትሪክ ኃይልና ርቀት

ብዙዎቻችን ከፊዚክስ ክፍል አንድ ስሕተት ይዘን ወጥተናል። ይኸውም ቻርጅ ባላቸው በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለታችን ነው። ዳሩ ግን የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው፤ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛው፣ ዐሥር እጥፍ ሲሆን አንድ መቶኛው ይቀራል። ኃይሉ የሚደክመው በርቀቱ ካሬ ልክ ነውና። ፈረንሳዊው ሻርል ኩሎም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. ይህንን ያሳየው በቀጭን ሽቦ ላይ አግዳሚ ዘንግ ሰቅሎ፣ የሽቦውን መጠምዘዝ በመለካት ነበር።

በአገራችን ሚዛን እንየው። ሐሙሲት ላይ አንድ ኩሎም ቻርጅ ቢኖርና ሌላ አንድ ኩሎም ወደ ወረታ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ በመካከላቸው ያለው ኃይል 10 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ኪሎ የፎገራ ሩዝ ክብደት ያህል ነው። በ15 ኪሎ ሜትር አራት ኪሎ ይሆናል። በ3 ኪሎ ሜትርስ? አንድ ሙሉ ኩንታል!

በጠጉር የተፈተገ ማበጠሪያ ብጣሽ ወረቀት ሲስብ አይተን ይሆናል። በበጋ ነው የሚያምረው፤ በክረምት፣ ሜዳው ውኃ ሲተኛበትና አየሩ ሲረጥብ፣ ቻርጁ ቶሎ ስለሚያመልጥ ሙከራው ያሳፍረናል። ደግሞም ወረቀቱ የራሱ ትርፍ ቻርጅ ስለሌለው ስበቱ ከካሬው ሕግም ፈጥኖ ይደክማል።

አደጋው ያለው ሕጉን ያለ ቦታው ስናውለው ነው። ደመናው ገና ጣና ላይ ሳለ ከብት የሚጠብቅ ወንድማችንን «ሩቅ ነውና ኃይሉ ደክሟል፣ አትፍራ» ብንለው ምን ይከተላል? ስሌታችን ትክክል የሚሆነው ቻርጁ በቦታው ተቀምጦ እስካለ ድረስ ነው። መብረቅ ግን አየሩን ሰንጥቆ መንገድ እያበጀ፣ ቻርጁን ይዞ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ርቀቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ጥቂት ሜትር ሲወርድ ያው የካሬ ሕግ በእኛ ላይ ይዞራል። መብረቅ ዝናቡ ካለበት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊመታ ይችላል። በዚያ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ብቸኛው ዛፍ፣ በሬው ወይም የቆመው እረኛ ነው። ስለዚህ ነጐድጓድ ከተሰማ ከዛፍ ሥር መጠለል ሳይሆን ወደ ጠንካራ ቤት ወይም ቆርቆሮ ክዳን ወዳለው መኪና መግባት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።