መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ አይደለም

በዶሃ የምንማር ኢትዮጵያውያን ዓርብ ዓርብ ትንሽ ጀልባ ይዘን ወደ ሳፍሊያ ደሴት መውጣት ለምደናል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትምና ብዙዎቻችን መልሕቅን የምናውቀው በሥዕል ነው። ባለፈው ዓመት ምሳ ስንበላ ጀልባችን መልሕቋን እየጎተተች ከኋላችን ይዋኙ ወደነበሩ ሰዎች ስትነዳ ያየነው ዘግይተን ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ሆኖም ይህን ትምህርት ለመጻፍ የተነሣነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ያን ዕለት «መልሕቁ ቀሎ ነው» ተባባልን። ስሕተት ነበር። መልሕቅ የሚሠራው እንደ ማረሻ ነው። እንዲያውም ከዓይነቶቹ አንዱ በእንግሊዝኛም የሚጠራው በማረሻ ስም ነው። ግንዱ አግድም ሲሳብ ጥፍሩ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ይነቀላል። ስለዚህ ዋናው ነገር የምንለቀው ገመድ ርዝመት ነው። ከመልሕቁ ጋር የሚያያዘው ሰንሰለትም በክብደቱ ግንዱን ወደ ታች ስለሚያስተኛ እጅግ ይጠቅማል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ውኃው 4 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፥ የጀልባው አፍንጫ ከውኃው በላይ 1 ሜትር ቢሆን፥ ባሕሩም ገና 1 ሜትር የሚሞላ ከሆነ፥ ድምሩ 6 ሜትር ነው። ገመድና ጥቂት ሰንሰለት ለያዘ ጀልባ ይህን በ7 ማብዛት ይገባል፤ 42 ሜትር ይሆናል። ሁሉም ሰንሰለት ከሆነ በ5 ማብዛት በደህና ቀን ይበቃል። እኛ የለቀቅነው 10 ሜትር ነበር!

ወለሉም ይታይ። አሸዋ መልካም ነው። የባሕር ሣር ጥፍሩን አያስቀብርም፤ በዚያም ላይ በእነዚህ ውኆች ለሚኖረው ዱጎንግ መኖ ስለሆነ አይነካ። የባሕረ ሰላጤው ዓሣ አጥማጆች ባውራ የሚሉት ባለ አራት ጥፍር መልሕቅ ድንጋይ ላይ ይይዛል፥ አሸዋ ላይ ግን ይንሸራተታል።

አጣጣሉን በተመለከተ፥ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ጀልባው ሲቆም መልሕቁን ቀስ ብሎ ማውረድ ነው፤ መወርወር ገመዱን ያወሳስባል። ጀልባው ወደ ኋላ ሲሄድ ገመዱ ይለቀቃል፥ ከዚያም ሞተሩን በዝግታ ወደ ኋላ አድርጎ መያዙን መፈተን ነው። ገመዱ ከአፍንጫው እንጂ ከኋላ ፈጽሞ አይታሰር፤ ማዕበል ከኋላ ገብቶ ትንሽ ጀልባን ሊያሰጥም ይችላል።

ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በተለይ በሰኔና በሐምሌ ይበረታል። ነፋሱ ከዞረ ጀልባውም በመልሕቁ ዙሪያ ይዞራልና በክቡ ውስጥ ደሴቱም ሆነ ሌላ ጀልባ እንዳይገባ አስቀድሞ መገመት ያሻል።

መልሕቁ ከያዘ በኋላ በጎን በኩል፥ ለምሳሌ ከዌስት ቤይ ሕንፃዎች፥ አንዱ ከሌላው ፊት የቆመባቸውን ሁለት እንምረጥ። ጥንዶቹ ከተለያዩና መለያየታቸው ካላቆመ መልሕቁ እየተጎተተ ነው፤ ያን ጊዜ ምሳው ይቆይና ገመድ ይጨመር። ካልያዘም ሞተር አስነሥቶ እንደገና መጣል ነው።