ትናንትን በ«አይ» መጀመር

የሐይቅ ሰው ደሴ ውሎ ሲመለስ ቀኑን እንዲህ ብሎ ይተርካል፦ «በጠዋት ተነሥቼ፣ ደሴ ሄጄ፣ ሥራዬን ጨርሼ፣ ማታ ተመለስሁ።» አራት ግሦች አሉ። ሦስቱ ተንጠልጥለው አራተኛውን ይጠብቃሉ፤ ንግግሩን የሚያሳርፈው «ተመለስሁ» ብቻ ነው። «እኔ» የሚል ቃል ደግሞ የትም የለም። የግሡ መጨረሻ ባለቤቱን ስለሚነግረን አያስፈልግም። አዲስ አበባ «ተመለስኩ» የሚለውን ወሎ «ተመለስሁ» ቢለውም፣ «ኩ»ም ሆነ «ሁ» ሥራቸው አንድ ነው፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ ማለት።

እንግሊዝኛ ይህን በግሡ መጨረሻ አይነግራችሁም። «አይ» ከፊት ካልቀደመ ማን እንደ ሄደ አይታወቅም። ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ግሥም በዕለት ተዕለት ወሬ ውስጥ እምብዛም አይሰማም፤ እያንዳንዱ ግሥ የኃላፊ ጊዜውን ራሱ ይዞ ይቆማል። «አይ ጋት አፕ ኧርሊ፣ ወንት ቱ ደሴ፣ ፊኒሽት ማይ ወርክ ኤንድ ኬም ባክ ኢን ዚ ኢቭኒንግ።» ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ጌቲንግ አፕ፣ ጎዪንግ ቱ ደሴ» እያለ በ«ኢንግ» ይቀጥላል፤ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን አማርኛው ውስጡ እየተናገረ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ሰንሰለቱን መቁረጥ ነው። «ተነሣሁ። ሄድሁ። ጨረስሁ። ተመለስሁ።» ብላችሁ በአማርኛ መጀመሪያ አሳርፉት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አይደናቀፍም።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የእንግሊዝኛ የኃላፊ ጊዜ ግሥ በባለቤቱ አይለዋወጥም። በ13ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ስለ መጡት ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ስትናገሩ «ሂ ኬም ፍሮም ደብረ ዳሞ» ትላላችሁ። ትናንት ከውጫሌ የመጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ «አይ ኬም ፍሮም ውጫሌ»። ያው «ኬም» ነው። የሚለየው «ነበር» ብቻ ነው፤ ለ«አይ» «ዎዝ»፣ ለ«ዩ» እና ለ«ዜይ» «ወር» ይሆናል።

አሉታው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «አይ ዲድንት ወንት» የሚለው ስሕተት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ዲግሪ እስከ ያዘው ድረስ ይሰማል። ትናንትነቱን «ዲድ» ከተሸከመው በኋላ ዋናው ግሥ ወደ ሥሩ ይመለሳል፦ «አይ ዲድንት ጎ»። ጥያቄውም እንደዚሁ ነው፤ «ዲድ አይ ጎ?» እንጂ «ዲድ አይ ወንት?» አይባልም። ድምፁንም በዚሁ አርሙት። «ወርክድ»፣ «ፊኒሽድ» ማለት ለምደናል፤ ከክ፣ ከፕ፣ ከፍ፣ ከስ፣ ከሽ እና ከች በኋላ ግን መጨረሻው «ት» ሆኖ ይሰማል፦ «ወርክት»፣ «ፊኒሽት»። ከት እና ከድ በኋላ «ኢድ» ይሆናል፦ «ዌይቲድ»። በቀረው ሁሉ «ድ» ነው፦ «ኮልድ»።

አሁን ብዙ ሰው የሚቸገርበት ቦታ ደረስን፤ «ሄድሁ» እና «ሄጃለሁ»። እንግሊዝኛም «አይ ወንት» እና «አይ ሃቭ ጎን» የሚል ጥንድ ስላለው አንዱን በአንዱ ተክቶ መሄድ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም ቅር አይለውም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ከተጠራ «ሃቭ» ቦታ የለውም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ብቻ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት የአማርኛው ግሥ በምን ያልቃል ብላችሁ ሳይሆን፣ ጊዜው ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም ብላችሁ ነው።

ሐይቅ ዳር ቆማችሁ አንድ እንግዳ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ዘ ሞናስተሪ?» ቢላችሁ መቼ እንደ ሄዳችሁ አልጠየቀም፤ በዕድሜያችሁ ደርሳችሁ ታውቁ እንደሆነ ነው የፈለገው። ወንድ ከሆናችሁና ከገባችሁ «የስ፣ አይ ሃቭ ቢን ዜር» ትላላችሁ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ የሐይቅ ልጅ ሆና እዚያው ያደገች እኅታችን «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ኢንሳይድ» ትላለች፤ መልሷ ፍጹም ትክክል ነው። ወንዱ ወሬውን ሲቀጥልና ቀኑን ሲጠራ ወዲያው ይለወጣል፦ «አይ ወንት ዜር ላስት ይር።» በዚህች በአንዲት ንግግር ውስጥ ሁለቱም ቅርጾች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ በ«ሃቭ ቢን» ይከፈታል፣ በ«ወንት» ይተረካል። ይህን መተላለፍ የለመደ ሰው ቋንቋው ሲፈታለት ይታወቀዋል።

«ነበር» ደግሞ ብቻውን ብዙ ይሸከማል። «ልጅ ሳለሁ ዓሣ አጠምድ ነበር» የቀድሞ ልማድ ስለሆነ «አይ ዩዝድ ቱ ካች ፊሽ» ነው፤ ሲነገር «ዩስቱ» ተብሎ ይጣበቃል። «ስትደውልልኝ ዓሣ እያጠመድሁ ነበር» ሲሆን «አይ ዎዝ ካቺንግ ፊሽ»። «ብትነግረኝ እመጣ ነበር» ደግሞ ያልሆነ ነገር ነው፤ «አይ ዉድ ሃቭ ካም»። «ነበር» የሚለውን ሁሉ በ«ዎዝ» የሚተረጉም ሰው እዚህ ይወድቃል።

በአማርኛ ብዙ ነገር እኛ ላይ ይደርስብናል። ስልኩ ይጠፋብናል፣ መኪናው ያመልጠናል፣ ብርጭቆው ይሰበርብናል። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ እኔ ሆኜ ከፊት እቀመጣለሁ፦ «አይ ሎስት ማይ ፎን»፣ «አይ ሚስት ዘ ባስ»፣ «አይ ብሮክ ዘ ግላስ»። ለወሎ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ጥፋትን በራስ ላይ መመስከር ይመስላል። ነገር ግን ሰሚው ክስ አድርጎ አይወስደውም፤ ተራ ወሬ ነው። ደፍራችሁ በ«አይ» ጀምሩት።

በተቃራኒው በአማርኛ ያለፈ መስሎ በእንግሊዝኛ ያላለፈም አለ። ከውጭ ሲጠሩን «መጣሁ!» እንላለን፤ ገና አልተነሣንም፤ ስለዚህ «አይም ካሚንግ!» ነው። «ራበኝ» ዛሬ፣ አሁን ነው፤ «አይም ሀንግሪ»። «ገባኝ» ብሎ አንገቱን የሚነቀንቅ ተማሪም «አይ አንደርስታንድ» ማለቱ ነው።

ዓመትና ሰዓት ከዚህ ምዕራፍ ውጪ የሚመስሉ ከሆነ አይደሉም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ፤ እንግዳው ይዞት በመጣው መጽሐፍ ግን 1889 ነው የሚለው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «አይ ዎዝ ቦርን ኢን» ብላችሁ የልደት ዘመን ስትጠሩም ይኸው ነው፤ በእኛ ዘመን ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። ምሳችሁን በ7 ሰዓት ከበላችሁ «አይ ኤይት አት ዋን» ነው፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ከተነሣችሁ «አይ ጋት አፕ አት ሲክስ»።

ለዛሬ የምትሠሩት ይህን ነው። ማታ ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ የዋላችሁበትን በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ሁሉም በ«አይ» ይጀምር። ቢያንስ አንዱ በ«ዲድንት»፣ አንዱ በ«ዎዝ»፣ አንዱ ደግሞ ሰዓት ተጠርቶበት ይሁን። ጎበዝ ሰሚ ካገኛችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ዌን?» እያለ ይጠይቃችሁ።