የልጄ ጀርባ ለምን ተጣመመ? ስለ ስኮሊዮሲስ መንስኤ ወላጆች ማወቅ ያለባችሁ



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ስኮሊዮሲስ አለባት አሉን። ግን ምን አመጣባት? በጀርባዬ ብዙ ስላዘልኳት ይሆን? የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ነው? ወይስ ካልሲየም አንሷት?»

ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። ማዘልም፣ ቦርሳም፣ ጎንበስ ብሎ ስልክ ማየትም ስኮሊዮሲስ አያመጡም። ከባድ ቦርሳ ጀርባ ሊያሳምም ይችላል፤ አከርካሪን ግን አያጣምምም። ስለዚህ እናቶች፣ እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

📌 ስኮሊዮሲስ ምንድን ነው?

አከርካሪ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ጎን ተጣሞ በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ እንለዋለን። አጥንቶቹ ዞር ስለሚሉም አንዱ የጀርባ ጎን ከፍ ብሎ ይታያል።

📌 መንስኤዎቹ

1. ምክንያቱ የማይታወቅ፦ ከ10 ልጆች 8 የሚሆኑት እዚህ ውስጥ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ቁመት ቶሎ በሚመዘዝበት ዕድሜ ይታያል። እየባሰ የሚሄደው በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። በቤተሰብ ሊሄድ ስለሚችል እህትና ወንድሞችንም አሳዩ።

2. አብሮ የተወለደ፦ በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ የአከርካሪ አጥንት ግማሹ ብቻ ሲሠራ ወይም ሁለቱ ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። ኩላሊትና ልብም በዚያው ጊዜ ስለሚሠሩ አልትራሳውንድና የልብ ኢኮ እናዛለን።

3. የነርቭና የጡንቻ ችግር፦ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ፖሊዮ፣ ጡንቻን የሚያደክሙ በሽታዎች።

4. በዘር የሚመጡ በሽታዎች፦ ለምሳሌ ማርፋን (በጣም ረጅምና ቀጭን፣ ጣቶቹ የረዘሙ ልጅ) እና ኒውሮፋይብሮማቶሲስ (ቆዳ ላይ ማኪያቶ የሚመስል ቀለም ያላቸው 6 እና ከዚያ በላይ ምልክቶች)።

5. የእግር ርዝመት መበላለጥ፦ ይሄ እውነተኛ ስኮሊዮሲስ አይደለም። ልጁ ሲቀመጥ መጣመሙ ይጠፋል።

⚠️ የጀርባ ቲቢን አንርሳ! በአገራችን በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ጀርባን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት ያጎብጣል፤ መሐል ላይም ጉብታ ይወጣል። ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሊኖር ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

📌 ምክንያቱን አጥብቀን የምንፈልገው መቼ ነው?

እኔ ራጁን ከማየቴ በፊት ልጁን አያለሁ፤ ቆዳውን፣ እግሩን፣ አረማመዱን። ከእነዚህ አንዱ ካለ ኤምአርአይ ወይም ሌላ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፦

✔ ከ10 ዓመት በፊት ከጀመረ
✔ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ
✔ እግር ከደከመ፣ ከደነዘዘ ወይም የእግር ቅርጽ ከተቀየረ
✔ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ
✔ ወገብ ላይ የተለየ ፀጉር ወይም ጉድጓድ ካለ
✔ በፍጥነት ከባሰ
✔ የላይኛው ጀርባ ወደ ግራ ከተጣመመ (የተለመደው ወደ ቀኝ ነው)

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ «ምክንያቱ አይታወቅም» መባሉ ሐኪሙ ሳይመረምር ተወው ማለት አይደለም። ሌሎቹ ታይተው የሉም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች «እንዴት ምክንያት አይኖረውም?» ብለው ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራሉ። ልጅቷ ግን እያደገች ነው፤ መጣመሙም አብሮ ሊያድግ ይችላል።

📌 ጊዜ የሚያስፈልገው ለሕክምናው ነው

ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ በየ4–6 ወሩ ክትትል። ከ25 እስከ 45 ሆኖ ልጁ ገና እያደገ ከሆነ ብሬስ (የጀርባ መደገፊያ)። ከ45–50 ካለፈ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

ብሬስ የሚሠራው ዕድገት ሳይቆም ነው። በ2013 በታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶው ወደ ቀዶ ሕክምና ደረጃ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል። ረዘም ላለ ሰዓት ያደረጉት የበለጠ ተጠቅመዋል። ወጌሻ ጋር ወስዶ ማሳሸት ግን መጣመሙን አያቃናም፤ ቲቢ ወይም ሌላ በሽታ ካለ ደግሞ ጉዳት ያመጣል።

📌 ቤት ውስጥ እንዴት ላረጋግጥ?

ልጁ ልብሱን አውልቆ፣ እግሩን ገጥሞ፣ መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ያጎንብስ። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ። አንዱ የጎድን ወይም የወገብ ጎን ከፍ ካለ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋር ውሰዱት።

ሐኪማችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ዲግሪ ነው? ሌሎቹ ምክንያቶች ታይተዋል? ስንት የማደጊያ ጊዜ ይቀረዋል?

አደራ፣ ልጃችሁን በቀልድም ቢሆን «ጎባጣ» አትበሉ፤ ሌላውም ሲል ዝም አትበሉ። በዚህ ዕድሜ ቃሉ ከበሽታው በላይ ያማል።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።